ሐሳባችሁ ተካቷል

ሥራዬ የባህል ዝግጅት ማሰናዳት ነው። መድረክ ላይ ሲያስተዋውቁኝ «ከኅብረተሰቡ ጋር አብሮ የሚፈጥር ባለሙያ» ይሉኛል፤ ጽሑፉን አዘጋጅቼ የምሰጣቸው እኔ ነኝ። እኔ ግን ሰው ሐሳቡን ሳይሰጥ ባነር የማሳትም ሰው ነኝ። ማተሚያ ቤቱ «ጽሑፉ አልቋል?» ሲለኝ «አልቋል» እላለሁ። በማግስቱ የሰፈሩን ሰው ሰብስቤ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ምን ብናዘጋጅ ይሻላል?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ስብሰባ ማሳመር አያቅተኝም። ፍሊፕ ቻርት አቆማለሁ፣ ባለቀለም ተለጣፊ ወረቀት አድላለሁ፣ ሻይና ቦምቦሊኖ አቀርባለሁ። ሰዉ ያሻውን ይጽፋል። ግድግዳው ላይ የምለጥፈው ግን እኔ ነኝ። ዕቅዴን የሚመስለው መሀል ይሆናል፣ የማይመስለው ዳር ዳር ይያዛል፣ የሚቃወመው ከመጋረጃው ኋላ ይገባል። ከዚያ ፈንጠር ብዬ አየውና «የጋራ ሐሳብ ማለት ይኼ ነው!» እላለሁ።

አንድ ጊዜ የእድሩ ሂሳብ ያዥ የሆኑ እናት ዝግጅቱ ቅዳሜ ጠዋት መሆኑን ሲሰሙ «ልጄ፣ ቅዳሜ ጠዋት እኮ ገበያ ነን። ልትጠይቀን ነው የጠራኸን ወይስ ልትነግረን?» አሉኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ተሳታፊዎች በጊዜ አጠቃቀም ረገድ ገንቢ አስተያየት ሰጥተዋል» ብዬ አሰፈርኩት። ዝግጅቱም ቅዳሜ ጠዋት ተካሄደ። ከእድሩ የተከራየናቸው ወንበሮች ሙሉ በሙሉ ተገኝተዋል። ለሪፖርቱ የሚሆነውን ፎቶ ጠበብ አድርጌ ከጎን አነሳሁት።

ይባስ ብሎ በዚሁ ሥራ ሌሎችን አሠለጥናለሁ። አሜሪካዊቷ ሼሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመችው ጽሑፍ የዜጎችን ተሳትፎ 8 ደረጃ ባለው መሰላል መስላዋለች። ከታች ሰውን ማታለል አለ፤ ከላይ ሕዝቡ ራሱ ይወስናል። መሀል ላይ ያሉትን ማሳወቅን፣ ማማከርንና ማባበልን ደግሞ ለይስሙላ የሚደረጉ ትላቸዋለች። ስላይዱን ሳሳይ ጣቴ የሚያርፈው ሁልጊዜ ከላይኛው ላይ ነው። «አንተ የትኛው ላይ ቆመሃል?» ያለኝ ሠልጣኝ የለም። አበል ሳይከፈል ማን ይጠይቃል?

የብራዚሉን አውጉስቶ ቦአልንም አልማርኩትም። በእሱ ፎረም ቴአትር ተመልካቹ ትርዒቱን ያስቆማል፣ መድረክ ላይ ወጥቶ ተዋናዩን ይተካል፣ ታሪኩንም በራሱ መንገድ ይሞክረዋል። እኔም የአከራይና የተከራይ ጨዋታ ጻፍኩ። አንድ ወጣት «አቁም!» ብሎ ወጣና ተከራዩን ተክቶ ከአከራይዋ ጋር እንደ ሰፈር ሰው ተጫወተ፤ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ታረቁ። ሰዉ በሳቅና በጭብጨባ ፈነዳ። እኔ ማይክራፎኑን ይዤ «በጣም ጥሩ! አሁን ወደ ትክክለኛው ፍጻሜ እንመለስ» አልኩ።

የሚገርመው፣ ታዳሚን አብሮ ማጫወትን ለመማር ብራዚል ድረስ መሄድ አያስፈልገኝም ነበር። አዝማሪ ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥሙን ይወረውራል፣ አዝማሪው በመሰንቆው አሳምሮ ይመልስለታል፤ ሲያሻው ለራሱ ለገጣሚው ጎሸም የምታደርግ ስንኝ ይመርቅለታል። ቡሄ ላይም አውራጁ ግጥሙን ለየቤቱ ባለቤት እንደሚሆን ያበጀዋል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል፤ ሙልሙሉ የሚመጣው በግጥሙ ልክ ነው። ለዚህ ማንም ልጅ የፍላጎት ጥናት አላስጠናም።

ለጥምቀት የሰፈሩ ወጣቶች ገንዘብ አዋጥተው ምንጣፍ ይገዛሉ፣ መንገዱን ይጠርጋሉ፣ ከታቦቱ ፊት እያነጠፉ ከኋላ እየጠቀለሉ ይሮጣሉ። እኔ ልደግፋቸው ሄጄ መተዳደሪያ ደንብ፣ አርማና የባለድርሻ አካላት ዝርዝር አቀረብኩላቸው። አንዱ በትሕትና እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና «ጋሼ፣ ምንጣፍ መጠቅለል ትችላለህ?» አለኝ። ወገቤን አመመኝ አልኩ።

ሰበብ አላጣም። ገንዘብ ሰጪው ዕቅዱን፣ ቀኑንና የተሳታፊውን ብዛት አስቀድሞ ይፈልጋል፤ ማንንም ሳልጠይቅ ሁሉንም የምሞላው ለዚህ ነው እላለሁ። ይህ እውነት ነው፤ ግማሹ ብቻ። «ቀኑን የሰፈሩ ሰው ይቁረጠው» የሚል አንድ መስመር ማስገባት ማንም አልከለከለኝም። የቀረው ግማሽ ፍርሃት ነው፤ ያለ እኔ ቢያምርስ? ሰዎቹ ራሳቸው አስበው፣ ራሳቸው ጠርተው፣ ራሳቸው ቢያጨበጭቡ እኔን ማን «ባለሙያ» ይለኛል?

እንግዲህ ሰፈራችሁ ከመጣሁ፣ ቀኑን እናንተ ቁረጡ፤ በጀቱንም ከነደረሰኙ አሳየን በሉኝ። ቃለ ጉባኤውን የእድራችሁ ሂሳብ ያዥ ይያዙት። ወንበር መደርደር እችላለሁ፣ ሻይም አፈላለሁ። ማይክራፎኑን ግን አደራ አትስጡኝ፤ ከያዝኩት አልለቅም።