ጋሼ፣ እዚህም ይከራከራሉ

ይድረስ ለማከብርዎት አጎቴ፤

ባለፈው በስልክ «ፈረንጆቹ ሥራ ሲፈቱ ምን ያወራሉ?» ብለውኝ ሳልመልስ መስመሩ ተቆረጠ። ጋሼ፣ የሚያወሩት አንድ የቴሌቪዥን ድራማ መቼ እንደተበላሸ ነው።

የምሠራበት ዳቦ ቤት ካርዲፍ ነው። «ዶክተር ሁ» የሚባለው ድራማም ከ2005 ወዲህ (የዚህን አገር ዓመት በነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎት) የሚሠራው እዚሁ አካባቢ ስለሆነ፣ ሰዉ እንደ ገዛ ዘመዱ ያማዋል። ዶክተር ይባል እንጂ መርፌ አይወጋም። ከሌላ ዓለም የመጣ ሰው ነው፤ በአንዲት ሰማያዊ የፖሊስ ስልክ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ከዘመን ዘመን ይዞራል። ሣጥኗ ከውጭ ስትታይ አንድ ሰው ብታቆም ነው፣ ውስጧ ግን አዳራሽ ነው።

የተጀመረው በ1963፣ ኬኔዲ በተገደሉ ማግስት ነው። በሦስተኛው ዓመት ዋናው ተዋናይ ጤናው ታወከ። ሌላ አገር ቢሆን ድራማው አብሮ ይቀበር ነበር። እነዚህ ግን ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? «ዶክተሩ አይሞትም፣ ገላውን ይቀይራል» አሉና ሌላ ተዋናይ አስገቡ። ይኸው እስከ ዛሬ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይነግሣል፤ ጠቡም የሚነሣው በየንግሥናው ነው።

ምድጃው ላይ የሚቆመው ሽማግሌ «ከቶም ቤከር በኋላ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው» ባይ ነው። ቤከር ያን ረጅም የአንገት ሹራቡን እያንጠለጠለ ከ1974 እስከ 1981 ነግሧል። ሹፌሩ ደግሞ «የተበላሸው በ1985 ነው» ይላል፤ የጣቢያው አለቃ ድራማውን ለአሥራ ስምንት ወር ያገዱት ያኔ ነው፣ በ1989 ጭራሽ ቆሞ ነው ኋላ እዚህ የተነሣው። ኬክ የምታስጌጠው ልጅ በሁለቱም ትስቃለች። ለሷ ነገሩ ያበቃው በ2010 መባቻ፣ ዴቪድ ቴናንት የወረደ ዕለት ነው። ዱቄት የሚያራግፈው ጎረምሳ «በ2018 ሴት ዶክተር ስትሆን ነው» ብሎ የጀመረ ቀን፣ ልጅቷ በክሬም ልትቀባው ምንም አልቀራት።

እኔ ዝም ብዬ ዕድሜያቸውን አሰላሁ። ሁሉም ድራማው ግሩም ነበር በሚሉበት ጊዜ አሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ተበላሸ የሚሉት ጢም ማብቀል ሲጀምሩ ነው። ይህን ለሽማግሌው ብነግረው ዳቦ አሳረረ።

ጋሼ፣ አይቆጡኝና አንቱም እንዲሁ ነዎት። «ከ‹ሰው ለሰው› ወዲህ ድራማ የለም፤ አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ ከሠራ በኋላ ክፉ ሰው መሆን የሚችል ጠፋ» ሲሉ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ልጅዎ ለ«እረኛዬ» ስትሟገት «ዝም በይ፣ አንቺ አስናቀን መች አየሽ!» ይሏታል። ለነገሩ በአስናቀ እኔም ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ ሰውየው ብቅ ሲል ቡና የምትቀዳው እንኳ ሲኒ ትስት ነበር።

የጎንደርስ ነገር? የእርስዎና የባልንጀራዎ ሙግት ከነዚህ በምን ይለያል? እሳቸው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ሰፈር ሰው ናቸውና ጎንደር የወደቀችው ደብሩን ያሠሩት አድያም ሰገድ ኢያሱ በ1699 ዓ.ም. ሲገደሉ ነው ይላሉ። አንቱ ደግሞ የቁስቋም ሰው ስለሆኑ እቴጌ ምንትዋብ ሳይነኩ ጎንደር ወደቀች መባሉን አይወዱም፤ ራስ ሚካኤል ስሑል በ1761 ዓ.ም. የእቴጌይቱን የልጅ ልጅ አፄ ኢዮአስን እስካስገደሉ ድረስ ይጎትቱታል። የታሪክ ጸሐፊዎች ዘመነ መሳፍንትን ከዚያ ስለሚጀምሩ ፍርዱ ወደ እርስዎ ያደላል፤ ይህን ግን ለባልንጀራዎ እኔ ነኝ ያልኩት እንዳይሏቸው፣ የክርስትና አባቴ ናቸው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ቢቢሲ የድሮ ቴፖቹን ቦታ ይዘዋል እያለ ብዙውን አጥፍቷል፤ ከዶክተር ሁ የ1960ዎቹ ክፍሎች ወደ መቶ የሚጠጉት እስካሁን ይፈለጋሉ። ከጠፉት ጥቂቶቹ በ2013 ናይጄሪያ፣ ጆስ ላይ ተገኝተው ነበር። ሽማግሌው ይህን ሲነግረኝ ቆይቶ፣ የመጀመሪያው ዶክተር ፊልሞች በጃንሆይ ዘመን ለኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም ተሸጠው እንደነበር ነገረኝ። በዚያን ጊዜ ደንብ ፊልሙ ታይቶ ሲያበቃ ወይ ይመለስ፣ ወይ ይቃጠል፣ ወይ ለሚቀጥለው አገር ይላክ ነበር። እሱ ግን «አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ማቃጠሉ አሳዝኖት ቤቱ ወስዶት ቢሆንስ?» እያለ ያዝናል። ከዚያ ወዲህ በመላው ዳቦ ቤት ከኔ የበለጠ የተከበረ የለም፤ ሻይ የሚያፈላልኝ እሱ ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ በኪሴ ያለ ነው የሚመስለው።

እኔም አፌ አያርፍ፣ አጎቴ የተቃጠለ የሬዲዮ ድንጋይ እንኳ የማይጥል ሰው ነው ብዬ አጫወትኩት። አሁን መንገዱ ሰላም ሲሆን ጎንደር ካልወሰድከኝ ይላል። ከመጣ ያንን ከአልጋው ሥር ያለውን የቆርቆሮ ሣጥን አደራ አያሳዩት፤ የሰፈሩን የሰርግ ካሴት ከአንድ እስከ መጨረሻው ሳያይ አይነሣም፣ የትኛው ሰርግ ላይ ነገሩ እንደተበላሸም ይነግርዎታል።

አክባሪዎ የእህትዎ ልጅ፣
ከካርዲፍ