ድሮ ብረት ነበረ

አገራችን የዕቃ ጥራት የሚመረምር ሰው የላትም ብሎ የሚያማ፣ ሁርሶ ላይ ሠርግ ተጠርቶ አያውቅም ማለት ነው። ሁርሶ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ በድሮው ባቡር መስመር ላይ ያለች፣ በወታደር ማሠልጠኛዋ የምትታወቅ፣ ፀሐይዋ ግንባር የምትልጥ ቦታ ናት። ከድሬ የተጠራ ባንድ እዚያ ሲደርስ መጀመሪያ የሚዘረጋው ሞንታርቦ አይደለም፤ ፍራሽ ነው። ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በርጫ ነው። በርጫው ላይ ደግሞ የዓለም ኢንዱስትሪ ተራ በተራ እየቀረበ ይፈረድበታል። ጃፓን በማስጠንቀቂያ ትታለፋለች። ጀርመን ለድሮ ውለታዋ ትመሰገናለች። ለቻይና ጠበቃ አይቆምላትም።

እኔ ይህን ችሎት አከብረዋለሁ። ሕጉ አንድ አንቀጽ ብቻ ስለሆነ ለመያዝም አያስቸግርም፦ ከባድ ከሆነ ጥሩ ነው። አንድ ሰው ብቻውን የሚያነሳው የቤዝ አምፕሊፋየር አምፕሊፋየር አይባልም። ሁለት ሰው ካነሳው ይታያል። አራት ሰው አንስቶት አንዱ ወገቡን ከያዘው፣ እሱ ነው ዕቃ!

እንደ ማስረጃ የሚጠቀሰው ሁልጊዜ አንድ ነው። አምፔግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1969 ኤስ ቪ ቲ የሚባል የቤዝ አምፕሊፋየር አወጣ፤ 300 ዋት፣ 14 ቫልቭ፣ ራሱ ብቻ ወደ 40 ኪሎ የሚጠጋ። አብሮት የሚሄደውን፣ ስምንት ባለ አሥር ኢንች ስፒከር የታጨቀበትን ሣጥን የሙያው ሰዎች በቁመናው «ፍሪጅ» ይሉታል። ሮሊንግ ስቶንስ በዚያው ዓመት አሜሪካን ሲዞሩበት፣ ቢበላሽ የሚጠግን ቴክኒሺያን ከኩባንያው አብሯቸው ይጓዝ ነበር። የመጀመሪያዎቹ የኃይል ቫልቮችም ስላስቸገሩ ብዙ ሳይቆዩ በሌላ ዓይነት ተተክተዋል። ይህን የመሰለ ነገር ግን በርጫ ላይ ማንሳት ነውር ነው። ምርቃና ይሰብራል።

ከተቀመጡት ውስጥ ኤስ ቪ ቲን በዓይኑ ያየ የለም። ይህ ምስክርነታቸውን አያደክመውም፣ እንዲያውም ያጠነክረዋል፤ ያየ ሰው «እንጃ፣ አንዳንዴ ይግላል» ሊል ይችላል፣ ያላየ ግን እርግጠኛ ነው። ስለ ግለቱ ካነሳን ቫልቭ ካልጋለ አይሠራም፤ ሁርሶ ላይ ደግሞ ሰው ራሱ ያለ ቫልቭ ግሎ ነው የሚውለው። የዛሬዎቹ «ክላስ ዲ» የሚባሉት ትራንዚስተሮቻቸውን በሰከንድ መቶ ሺዎች ጊዜ እያበሩና እያጠፉ ስለሚሠሩ ኃይላቸው በሙቀት ብዙም አይባክንም። ስለዚህ 500 ዋት የሚያወጣ አምፕሊፋየር ሦስት ኪሎ ቢመዝን ተአምር አይደለም። ለችሎቱ ግን ወንጀል ነው። «ይሄ ምንድነው? ራዲዮ ነው?» ይላሉ በአንድ ጣት ገፋ እያደረጉት። በነገሩ የተደሰተው ዕቃ የሚያወርደው ልጅ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ድምፅ አይሰጥም፤ ውኃ ሊያመጣ ተልኳል።

ከአምፕሊፋየር ወደ መኪና ለመሻገር መንገዱ አጭር ነው። ጎረቤት ሐረር አለች፤ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጡት፣ ጣልያናዊው ፒኒንፋሪና የነደፈው ፔጆ 404 በሠላም ጡረታ መውጣት ሲገባው በሐረር ታክሲነት ዓለምን ያስደነቀበት ከተማ።

«አቦ! ፔጆ እኮ አይበላሽም!»

«ሞተሩስ?»

«ሞተሩ ተቀይሯል።»

«ካምቢዮው?»

«እሱ ከሌላ ፔጆ ነው።»

«ራዲያተሩ?»

«ተበይዷል። ደሞ እንዴት ዓይነት ብየዳ!»

«በሩ?»

«በሽቦ ነው የሚታሰረው። ግን አንዴ ከታሰረ ታሰረ ነው!»

ከዚያ ኤንትሬ ይነሳል፤ ያ የፊያት 682 የጭነት መኪና። ዳገት ሲወጣ ምን ያህል ያገሳ እንደነበር በአፍ እየተሠራ ይደመጣል። የኪቦርዱ ተጫዋች በተለይ ሦስተኛ ማርሹን ያሳምረዋል። ኤንትሬው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ታኮ ተሸክሞ ዳገቱን በእግሩ የሚከተለው ረዳት ግን በዚህ ድርሰት ውስጥ ክፍል አልተሰጠውም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ሕግ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 ፐርሰንት ሲጥል በርጫው በሐዘን ተቀምጦ ነበር። በጥር 2016 መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል አይገባም ሲል ደግሞ ሐዘኑ ወደ ስድብ ተለወጠ። ድምፅ የሌለው መኪና! ሾፌሩ መታመሟን በምን ያውቃል?

የመጨረሻው ምስክር ባቡሩ ነው። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ባይደርስ ኖሮ ዛሬ ከተማ ሳይሆን ሜዳ ነበር የምንፈርድበት። የድሮው ባቡር በመስከረም 2009 ከተመረቀው ከቻይናው ጋር ሲነጻጸር ፍርዱ ሳይከፈት ያልቃል። «ያ ባቡር እኮ ብረት ነበር። ተበላሽቶ አያውቅም!» ተባለ።

ጥግ ላይ ተደግፈው ያሉ፣ ከምድር ባቡር ወርክሾፕ ጡረታ የወጡ ሰው አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ታዲያ እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቶርኖ ላይ ቆሜ ምን ስሠራ የኖርኩ ይመስላችኋል?»

ለጋሼ ቀንበጡን መርጠው አቀበሏቸውና ወሬው ወደ ጀርመን ተሻገረ።

ደግሞ ሁሉም ቅዠት ነው ብዬ ፍርድ አላጓድልም። ሰው ሆን ብሎ የዕቃ ዕድሜ ያሳጠረበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1924 የዓለም ትልልቅ አምፖል ሠሪዎች ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው ፊበስ የሚባል ማኅበር መሥርተዋል፤ ከዚያም የአምፖል ዕድሜ ከ1,000 ሰዓት እንዳያልፍ ተስማሙ፤ ያሳለፈውን ቀጡ። ፌንደር የተባለው የጊታርና የአምፕሊፋየር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1965 ሲ ቢ ኤስ ለተባለ የቴሌቪዥን ኩባንያ ከተሸጠ በኋላ ሥራው ወረደ ብለው የሚያማርሩ ሙዚቀኞች ዛሬም ብዙ ናቸው። የድሮ አምፕሊፋየር ውስጡ በእጅ የተበየደ ስለሆነ ካውያ የያዘ ሰው ከፍቶ፣ የተቃጠለችውን ክፍል ፈልጎ፣ በመቶ ብር ለውጦ ይዘጋዋል። የዛሬው ቦርድ ላይ ያሉት ክፍሎች ከሰሊጥ አይበልጡም፤ አንዷ ስትሞት ቦርዱ እንዳለ ይጣላል። ይህ እውነተኛ ክስ ነው። በርጫው ላይ አንድም ቀን ተነስቶ አያውቅም። ይህን ለመክሰስ አምፕሊፋየሩን መክፈት ያስፈልጋላ!

የሚነሳው ሌላ ነው፤ ገበያው። ፈራጆቻችን በማግስቱ ድሬዳዋ ታይዋን ሰፈር ወርደው እስኪ እንያቸው።

«ኦሪጅናል ነው?»

«አዎ፣ ኦሪጅናል ነው።»

«ስንት ነው?»

ዋጋው ይነገራቸዋል። ሱቁ ውስጥ ዝምታ ይሆናል። አንደኛው ፈራጅ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«ይሄንኑ የሚመስል ረከስ ያለ የለም?»

አለ። ለምን አይኖርም? ነጋዴው ቻይና ሄዶ ፋብሪካውን የጠየቀው ይኸንኑ ጥያቄ ነው፤ ፋብሪካው በጠየቁት ልክ ይሠራል፤ ውድ ላለ ውድ፣ ርካሽ ላለ ርካሽ፣ ከዚያም የበለጠ ርካሽ ላለ የበለጠ ርካሽ። ሽቦው ይሳሳል፣ ትራንስፎርመሩ ያንሳል፣ 100 ዋት የሚሰጠው ዕቃ ፊቱ ላይ 1,000 ተብሎ ይጻፍበታል። ገዢው ሺውን በጣቱ ዳስሶ ይረካል። ከሦስት ወር በኋላ ሲቃጠል ደግሞ ጥፋተኛው አንድ አገር ነው፤ ሕዝቡ ከቢሊዮን በላይ የሆነ አገር።

የኧርዟ እግር የተሰበረች ሶኬት ሰክተው፣ ሞንታርቦው «ኡኡኡ» ሲላቸውም ተጠያቂው ያው ነው። ኧርዝ ከሌለ እንደሚጮህ የሚያውቀው ልጅ ውኃ ይዞ ተመልሷል፤ ግን ማን ይጠይቀዋል።

እስካሁን ያልነገርኳችሁ፣ የችሎቱ ሰብሳቢ ቤዝ ጊታር ተጫዋች መሆኑን ነው። ነበር ብል ይሻላል። የቤዙን ሥራ የኪቦርዱ ግራ እጅ ከወሰደው ቆይቷል፤ የቀረውን ላፕቶፑ ጨርሶታል። ቤዙ ዛሬ ለቪዲዮው ሲባል አንገት ላይ ይንጠለጠላል፤ ገመዱ ሁልጊዜ ይሰካል ማለት አይደለም። ክሮቹ ሲሞቱ በድስት ተቀቅለው ይመለሳሉ። ይህን ሁሉ ይዞ ግን ስለ ቤዝ ድምፅ መውረድ እሱ ሲናገር ሰው እንባ ይይዘዋል። «የድሮው ቤዝ ደረት ይመታ ነበር» ይላል። እውነቱን ነው። አይቤክስ ባንድ በ1968 ዓ.ም. አዲስ አበባ ራስ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሲቀርጽ ጆቫኒ ሪኮ ቤዙን የሚጫወተው ከሌሎቹ ጋር በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጊዜ ነው። አንዱ ከሳተ ለሁሉም ከመጀመሪያው ነው። ሰብሳቢያችን ይህን ታሪክ ጥንቅቅ አድርጎ ያውቀዋል። ከታሪኩ ያወጣው ትምህርት «አምፕሊፋየሩ ምን ነበር ይሆን?» የሚል ነው።

በነገራችን ላይ የቤዝ ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። ያንን ደረት ድረስ ለማድረስ ብዙ አየር የሚገፋ ስፒከር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ስለ ትልቅ ሣጥን የሚያወሩት ሁሉ ቅዠት አይደለም። ባንዱ ግን ለቤዝ የሚሆን ሣጥን ይዞ አልመጣም፤ መኪና ላይ ቦታ ይይዛል፣ ያከብዳል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ችሎቱ ተነሳ። ድንኳኑ ውስጥ ኪቦርዱ ቆመ፣ ላፕቶፑ ተከፈተ፣ ሁለቱ ሞንታርቦዎች ግራና ቀኝ ተደረደሩ። የሙሽራው አባት፣ ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡና ዙሪያውን ተመለከቱ።

«ሌሎቹ መቼ ነው የሚደርሱት?»

«የትኞቹ ጋሼ?»

«ሳክስፎኑ፣ ትራምፔቱ፣ ድራሙ!»

«ሁሉም እዚህ ውስጥ አሉ» አለ የኪቦርዱ ተጫዋች፣ ኪቦርዱን መታ መታ እያደረገ።

«ቤዙስ? ያ ልጅ ያንጠለጠለው?»

«እሱም እዚህ ውስጥ ነው።»

ሃምሳ አለቃው ኪቦርዱን ከዳርና ዳር ይዘው ከፍ አደረጉት። ምንም አልከበዳቸውም። መልሰው አስቀመጡት።

«የክፍለ ጦሩ ኦርኬስትራ ሲመጣ በካሚዮን ነበር የሚጫነው» አሉ። «አሥራ ምናምን ሰው፣ ዕቃው ብቻ ግማሽ ቀን የሚወርድ። እሱ ነው ሙዚቃ! ይሄ ምንድነው? እናንተም ቻይና ሆናችሁ?»

የችሎቱ ሰብሳቢ ቤዙን አንገቱ ላይ አስተካከለ። ቅር ብሎታል፤ አሥራ ምናምን ሰው ይመጣ የነበረው ማን ሲከፍል እንደሆነ ሊጠይቅ ፈልጎ፣ ለሽማግሌ ክብር ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ በሰጡን ዋጋ እኮ የሚመጣው ይሄው ነው።»