የተሰደዱ ቃሎቻችን የኑሮ ሁኔታ፦ በባለ 3፣ 4፣ 5፣ 6ና 8 ፊደል ቃላት ላይ የተደረገ ቅድመ ጥናት

ስለ ተሰደደው ሰው ብዙ ተጽፏል። ቤሩት ሰው ቤት የምትሠራው፣ ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳው፣ ለንደን ያለ ወረቀት የከረመው ሁሉ አጥኚ አላጣም። አብሯቸው ስለ ተሰደደው ቃል ግን የተጨነቀ አላየሁም። የዚህ ጥናት ቦታ ለንደን ያለችው እህቴ ሳሎን ነው፤ ጊዜው ሦስት ሳምንት፣ መሣሪያው በየምሽቱ የሚዘረጋው ስክራብል (የፊደል ጠጠር እየገጣጠሙ ቃል የሚሠሩበት፣ በየፊደሉ ነጥብ የሚያገኙበት የሰሌዳ ጨዋታ)፣ ዳኛው የኮሊንስ የቃላት መዝገብ፣ ናሙናው ወደ እንግሊዝኛ የገባ አምስት ቃላችን። ናሙናው አነሰ የሚል ተቺ አይጠፋም፤ ከዚህ ባነሰ ናሙና ፖሊሲ ሲወጣ አይቻለሁ።

ስክራብልን የፈጠረው አልፍሬድ ሞሸር በትስ የተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራ ያጣ አሜሪካዊ አርክቴክት ነው። ሰውየው ጋዜጣ ገዝቶ ማንበቡን ትቶ ፊደል ቆጠረ። በቆጠራው መሠረት ከ100ዎቹ ጠጠሮች 12ቱ ለኢ ተሰጡ፤ ለኪው አንድ ብቻ። የበዛው ረከሰ፣ ያነሰው ተወደደ፦ ኢ 1 ነጥብ፣ ኪው 10። ኤስን ግን ሆን ብሎ 4 ጠጠር ላይ ገታው። ባይገታው ኖሮ ሁሉም በሌላው ቃል ጫፍ ኤስ እየለጠፈ፣ የሰው ላብ ብዙ ቁጥር እያደረገ ይኖር ነበር።

በዚህ ጨዋታ ትርጉም አይቆጠርም። ኒውዚላንዳዊው ናይጄል ሪቻርድስ እ.ኤ.አ. በ2015 የፈረንሳይኛ ስክራብል የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ፈረንሳይኛ አይናገርም ነበር፤ ቃላቱን በቃሉ ሸምድዶ ሄደ፣ አሸነፈ፣ ተመለሰ። ዓለም ጉድ አለ። እኛ ዘንድ ዳዊትን በግእዝ ከዳር እስከ ዳር የሚደግም፣ ትርጉሙን ግን ጠይቆ የማያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ዋንጫ ሳንሰጠው ቀረን እንጂ። የ13 ዓመቷ የእህቴ ልጅም (አንቱታውን እናቷ በቁጣ ያስተማረቻት ናት) በመጀመሪያው ምሽት አረመችኝ። «ጋሼ፣ ‹ምን ማለት ነው?› አይበሉ። ‹ስንት ፊደል ነው?› ይበሉ።»

የፊደል ብዛት ቀላል ነገር የሚመስለው ካለ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2022ን ያስታውስ። ዎርድል በሚባለው ጨዋታ፣ ባለ 5 ፊደል ቃል በ6 ሙከራ በሚገመትበት፣ መልሱ አሜሪካኖች በ5 ፊደል የሚጽፉት ‹ፌቨር› ሆኖ ወጣ። እንግሊዞች ይህንኑ ቃል ዩ ጨምረው በ6 ይጽፉታል፤ ስለዚህ ተቆጡ። ቃሉ ‹ውለታ› ማለት ነው። በውለታ እንዲህ የሚቆጣ ሕዝብ ሌላው ሊገርመው ይችላል፤ በሐመሩ ሐ እና በብዙኃኑ ኀ ስንቀያየም ለኖርነው ግን ሰዎቹ ዘመዶቻችን ናቸው።

ወደ ናሙናው እንግባ። ጫት በእንግሊዝኛ 3 ፊደል ነው፣ 12 ነጥብ። ኪው በእንግሊዝኛ ዩን ሳታስከትል ከቤት የማትወጣ ወይዘሮ ናት፤ ዩ የሌለው ተጫዋች ኪው ከደረሰችው ጨዋታው እስኪያልቅ ታቅፏት ይቀመጣል፣ በመጨረሻም 10 ነጥብ ይቀነስበታል። ከዚህ ጣጣ ከሚያወጡት ጥቂት ቃላት አንዱ የእኛው ጫት ነው። እርግጥ የወጣው በዐረብኛ ወረቀት ነው፤ ኪውንም ያገኘው ከዚያ ነው። በተጨማሪ በኬ የሚጀምሩ ሁለት መታወቂያዎች አሉት፣ አንዱ ባለ 3፣ አንዱ ባለ 4 ፊደል። ሦስቱም በመዝገቡ ሕጋዊ ናቸው። ቅጠሉ ራሱ በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የተከለከለ ስለሆነ፣ ይዞት የተገኘ ሊከሰስ ይችላል፤ ቃሉን ይዞ የተገኘ 12 ይጻፍለታል።

ጤፍ በአንድ ኤፍ 6፣ በሁለት ኤፍ 10 ነጥብ ያወጣል። ልዩነቱ የሰርገኛና የማኛ ነው፣ ብዙ አያነጋግርም።

ንጉሥ አሳዛኝ ነው። በ5 ፊደል 6 ነጥብ ብቻ። ይባስ ብሎ ብቻውን አይኖርም፤ ያንኑ የፊደል ቅንብር ፍራንሲስ ኒገስ የተባለ የ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ኮሎኔል ስሙን ከሰጠው መጠጥ ጋር በደባልነት ይጋራዋል። መጠጡ ወይን ጠጅ፣ የፈላ ውሃ፣ ስኳርና ሎሚ ነው። ቃሉ ሰሌዳ ላይ ሲቀመጥ ዘውዱ ነው ወይስ ብርጭቆው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ቀበሌ ደግሞ በ6 ፊደል 12 ነጥብ ያወጣል። አዎ፣ ቀበሌ በመዝገቡ አለ። አንድ ቀበሌ ልክ ሁለት ንጉሥ ያህላል ማለት ነው። በ1967 ዓ.ም. መስከረም ላይ ንጉሡ ወረዱ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌ ተተከለ። ደርግ ያን ሁሉ ዓመት በሰልፍና በመፈክር ሊያስረዳን የደከመውን ነገር በትስ ጋዜጣ ላይ ፊደል እየቆጠረ ቀድሞ ጨርሶት ነበር። በነገራችን ላይ ከሦስቱ የቀበሌ ኢዎች አንዱን ይዤ ስጠብቅ ሁለተኛው ሳይመጣ አራት ተራ አልፎኛል፤ ወረፋው ሳይቀር አብሮት ተሰዷል።

የመጨረሻው ናሙና ብዙ ያሳሰበኝ ነው። የብር ብዙ ቁጥር በመዝገቡ ‹ብሮች› ነው፤ ቢ፣ አይ፣ አር፣ አር፣ ኦ፣ ቲ፣ ሲ፣ ኤች። 8 ፊደል፣ 15 ነጥብ። ሌሎቹ ቃሎቻችን በብዙ ቁጥር ሲሆኑ የአገሩን ኤስ ለብሰዋል፤ ብር ግን የእናቱን ልብስ እንደ ለበሰ ቀርቷል። ለዚህ ታማኝነቱ የሸለመው የለም።

አጠቃላይ ግኝቱ ይህ ነው። ጫትና ጤፍ በአገራቸው ሁለት ሁለት ፊደል ነበሩ፤ ንጉሥ፣ ቀበሌና ብሮች ሦስት ሦስት። ድምሩ 13። በስደት ጤፍን በሁለት ኤፍ ስንወስድ 3፣ 4፣ 5፣ 6ና 8 ሆነዋል። ድምሩ 26፣ ልክ እጥፍ። 26 የእንግሊዝኛ ፊደላት ቁጥር መሆኑን አጋጣሚ ነው የሚሉ አሉ። የእኛ ሰው ውጭ ሲቆይ እንደሚወፍር ለሚያውቅ ግን ሌላ ማስረጃ አያሻም።

በመጨረሻው ምሽት የእህቴ ልጅ ‹ብር› ብላ አስቀመጠች። ለእንግሊዞች ብር የሚሽከረከር ነገር ድምፅም ነው፤ ደመወዛችን ወር ሳይደርስ ብርር ማለቱን ከማን እንደ ሰሙ እንጃ። እጄ ላይ ኦ፣ ቲ፣ ሲ፣ ኤች ነበሩ። ቀጠልኩት።

እህቴ ጀበናውን አስቀመጠች። «‹ብሮች›? ኧረ በስመ አብ! ሃምሳ ዓመት አማርኛ ስናገር ‹አምስት ብሮች› ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። እቃወማለሁ!»

ልጅቷ መዝገቡን ገለጠች። «አለ፣ እማዬ።»

በቤቱ ሕግ ያለ አግባብ የተቃወመ ሰው አንድ ተራ ይቀጣል። እህቴ ተቀጣች። ቡናውን ለእኔ የቀዳችው መጨረሻ ላይ ነው።