የጮኸ ሁሉ ይቆፈር

የወርቅ መፈለጊያ ማሽኑን ከካርቶን አውጥቶ፣ ባትሪውን አስገብቶ፣ ሌላ ምንም ሳይነካ የሴንሲቲቪቲውን ቁልፍ እስከ ጥግ የሚያዞር ሰው በዚህች አገር ተገቢውን ክብር አላገኘም። እኔ ራሴ በአሶሳ ዙሪያ ቀይ አፈር ላይ ከእንዲህ ያለ ጀግና ኋላ ኋላ ዶማ ተሸክሜ ስከተል ውዬ፣ ማሽኑ ከማለዳ እስከ ማታ ሲያንባርቅብኝ ሰምቼ፣ ጆሮዬ ሌሊቱን ሲያፏጭ አድሮ፣ አንድም ጊዜ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬው አላውቅም። ዛሬ ዕዳዬን ልክፈል።

ክርክሩ እንከን አይወጣለትም። ቁልፉ ላይ ከ1 እስከ 10 ተጽፏል፤ ባለቤቱ የከፈለው ለአሥሩም ነው። «በሬ ሸጬ የገዛሁትን ማሽን ስድስት ላይ የማቆመው፣ አራቱን ለማን ላወርሰው ነው?» ይለኛል የእህቴ ባል። መልስ የለኝም። ማሽኑ ሲጮኽለት ደግሞ ፊቱ ይበራል። ዝም ያለ ማሽን ሰነፍ ነው፤ የሚጮኽ ማሽን ግን የጌታውን እንጀራ ከልቡ የሚበላ ሎሌ ነው፤ ምንም ባያገኝ እንኳ መልፋቱ ይሰማል።

መሬቱም ለዚህ ጥበብ የተሰናዳ ነው። የአካባቢው ቀይ አፈር ብረት የጠገበ ነው። ወርቅ ያጠበ ሰው ሁሉ በመጨረሻ ታች የሚቀረውን ጥቁር አሸዋ ያውቀዋል፤ ከዚያ አሸዋ ውስጥ ማግኔት የሚስበው ብዙው ማግኔታይት ነው። በየበጋው ሣሩ ሲቃጠል ደግሞ እሳቱ ላይኛው አፈር ውስጥ ያለውን ብረት ማግሄማይት ወደሚባል፣ ይበልጥ ማግኔታዊ ወደሆነ ማዕድን ሊለውጠው ይችላል። ማሽኑ ኮይል በሚባለው ክብ ጫፉ በኩል የማግኔት ጉልበቱን ወደ መሬት ይልካል፤ ወርቁ ይመልስለታል፣ አፈሩም ይመልስለታል። የአፈሩ መልስ ከወርቁ መልስ ብዙ ጊዜ ይበልጣል፤ አፈሩ ብዙ ነው፣ ወርቁ ጥቂት ነው።

ሁለቱን መልሶች ለመለየት ግራውንድ ባላንስ የሚባል ነገር አለ። ብረታ ብረት የሌለበትን ቦታ መርጦ፣ አካፋውንና ዶማውን አርቆ፣ ኮይሉን ከመሬት ላይ ወደ ላይና ወደ ታች እያመላለሱ ከፍታው በተለወጠ ቁጥር ድምፁ የማይለዋወጥበትን ልክ መፈለግ ነው። ያኔ ማሽኑ የዚያን አፈር ጠባይ ያውቅና ይንቀዋል። አፈሩ ሲለወጥ ይደገማል። ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። አንድ ደቂቃ! በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ መጮኽ ይቻል ነበር!

እነዚያ ምስኪን አውስትራሊያውያን ደግሞ አሉ። የአገራቸው የወርቅ መሬት በብረት ድንጋይ የተሞላ ስለሆነ፣ አዴሌይድ ከተማ ያለው የማይንላብ ድርጅት መሐንዲሶች ዓመታት ደክመው እ.ኤ.አ. በ1995 ኤስዲ 2000 የተባለውን ማሽን ለገበያ አወጡ። ዋናው ጥበቡ ምንድን ነው? በተለያየ ርዝመት የጉልበት ምት እየላከ፣ ምቱ ካበቃ በኋላ የሚመለሰውን እያዳመጠ፣ የአፈሩን ጩኸት ማጥፋት። አስቡት፤ ያ ሁሉ የተማረ ሰው መሬትን ዝም ለማሰኘት ዕድሜውን ፈጀ፤ የእኛ ጀግና ግን የተወሰደበትን ጩኸት በአንድ አውራ ጣት አስመለሰ።

በዚህ ሙያ የመጀመሪያውን ፍርሃት ያሳየው የስልኩ ሰው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት ተመትቶ ጥይቱ ሰውነቱ ውስጥ የት እንዳለ ሲጠፋ፣ ቤል ብረት የሚፈልግ መሣሪያ ሠርቶ ሄደ። መሣሪያው ድምፅ ሰጠ፤ እዚህም ሰጠ፣ እዚያም ሰጠ። ቤል ግን ደስ እንደማለት ግራ ገባው፤ ሲያጣራ ከፕሬዚዳንቱ ፍራሽ ሥር የብረት ሽቦ ሆኖ ተገኘ። ጀግናችን በቦታው ቢኖር ኖሮ ሽቦ ነው ጥይት ነው እያለ አያመነታም ነበር። ጋርፊልድን ከትከሻ እስከ ተረከዝ ቆፍሮ፣ ፍራሹን ገልብጦ፣ ወለሉን ፈንቅሎ፣ ቤተ መንግሥቱን ምድር ቤት ባደረገው ነበር። እርግጥ ሐኪሞቹም ያለ ማሽን በጣታቸው ቁስሉን ሲቆፍሩ ሰንብተዋል፤ ሰውየውም በዚያው ዓመት ሞተ። የጥበቡ ዘር ጥንትም ነበረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው በረከት ልምጣ።

ማሽኑ በየቦታው ስለሚጮኽ በየቦታው ይቆፈራል። የወጣው አፈር አጠገቡ ይከመራል። ጀግናችን ኮይሉን ጉድጓዱ ላይ ያሳርፋል፤ ይጮኻል። ክምሩ ላይ ያሳርፋል፤ ይጮኻል። ብልህ ነውና አንዱንም አይንቅም፤ ከሠራተኛው ግማሹን ወደ ጉድጓዱ ያወርዳል፣ ግማሹን ክምሩ ላይ ያሰማራል። ክምሩ ወደ ማዶ ሲዛቅ ሌላ ክምር ይሆናል፤ እሱም ይጮኻል። በዚህ አኳኋን ጥቅምት የጀመረ ሥራ ጥር ሲደርስ፣ ኮረብታው ከጥንት መቀመጫው ተነሥቶ ጎረቤት ቀበሌ ይገባል።

የዚያ ቀበሌ ሊቀ መንበር ማለዳ ከቤቱ ሲወጣ፣ ትናንት ያልነበረ ኮረብታ ደጃፉ ላይ ተደቅኗል። ሕግ አዋቂ ስለሆነ አልተደናገጠም፤ «መሸኛ?» አለ። መሸኛ የለም። የቀድሞው ቀበሌ እንዲጽፍ ሲለመን፣ ኮረብታው መጀመሪያ ውዝፍ የመሬት ግብሩን ይክፈል፣ ለትምህርት ቤቱ ማስፋፊያም አላዋጣም ብሎ አሻፈረኝ አለ። አዲሱ ቀበሌ ደግሞ ያለ መሸኛ መታወቂያ አይሰጥም፤ መታወቂያ የሌለው ኮረብታም በቀበሌው ክልል ውስጥ ጥላ ማጥላት አይፈቀድለትም። ጉርድ ፎቶግራፍ ተጠየቀ፤ ፎቶ አንሺው እስከ ወንዙ ድረስ ወደ ኋላ ቢሸሽም ኮረብታው በጉርድ አልገባ አለ። ምስክር እንዲሆኑ የተጠሩት ሽማግሌዎችም ተቸገሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ ነገር ግን ሲዛቅ ሥሩ ወደ ላይ፣ አናቱ ወደ ታች ስለሆነ፣ «ይሄ እሱ ነው» ብለው ለመማል ኅሊናቸው አልፈቀደም።

ችግሩ በዚህ አላበቃም። ዕድሩ ለተከታታይ ወራት ቀብር አልወጣም ብሎ ሰረዘው። ከኮረብታው ማዶ ሙሽራ ለማምጣት ሽማግሌ የላከ አንድ ጎረምሳ፣ ማዶው እሱ ወዳለበት ስለመጣ የሠርግ መኪና ኪራይ ይመለስልኝ ብሎ ከሰሰ። ፍየሎቹ ኮረብታውን ተከትለው ስለሄዱ የእረኞቹ አባቶች አብረው ለመሰደድ ተገደዱ። የጂኦግራፊ መምህሩ ካርታ በእርሳስ ብቻ መሣል ጀመረ፤ ለፈተናም «ኮረብታው የት ይገኛል?» የሚለውን ጥያቄ «እስከ ትናንት ማታ» የሚል ጨምሮበት አወጣው። ማሽኑ ግን አሁንም ይጮኽ ስለነበር ሥራው ቀጠለ፤ ክረምት ሳይገባ ኮረብታው የሱዳን ድንበር ላይ ካለችው ኩርሙክ ደረሰ። ከኩርሙክ ቀጥሎ ጉምሩክ።

«የምታስመዘግበው ዕቃ አለ?» አለ ሠራተኛው።

«ኮረብታ።»

«ወርቅ አለበት?»

«እስካሁን አልወጣም።»

«ታዲያ ምን ብለህ ነው የምትገፋው?»

«ይጮኻላ!»

ሠራተኛው መዝገቡን ቢያገላብጥ የጩኸት ቀረጥ አጣ። አለቃውን ጠራ፤ አለቃውም ሌላ አለቃ ጠራ። ይህ ሲሆን ከሱዳን በኩል ያለው ኩርሙክ አቧራ ሸፈነው፤ እዚያም የማሽኑን ቁልፍ እስከ ጥግ ያዞረ ወንድም ኖሮ የራሱን ኮረብታ እየገፋ ይመጣ ነበር። ሁለቱ ኮረብታዎች ድንበሩ ላይ ገጠሙ። የማን አፈር የማን እንደሆነ የሚለይ ኮሚሽን ይቋቋማል ተብሏል፤ ኮሚሽኑም ሥራውን በማሽን ለማገዝ አስቧል። ማሽኑ በምን ቁጥር ላይ እንደሚሆን መናገር አያስፈልገኝም።

ሌሎቹን በረከቶች በአጭሩ ልለፋቸው። ባትሪ ሻጩ ሱቁን አስፋፍቷል። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ደንቁሯል። ኩይሳ የሚባል ነገር አልተረፈም፣ ምስጦቹ ሜዳ ላይ ይኖራሉ። ወርቅ መስሎ የጮኸ ብረታም ድንጋይ ሁሉ «ምናልባት» እየተባለ ቤት ስለሚገባ፣ እህቴ ምጣዷን የምታስቀምጥበት ቦታ አጥታለች። ብሔራዊ ባንክ ከባህላዊ አምራች ወርቅ ይገዛል፤ ጩኸት በግራም መግዛት እስኪጀምር ድረስ ግን የእህቴ ባል ሚዛን ፊት የሚያቀርበው ነገር የለውም።

ጩኸቱ ራሱ የሰለቸውም አለ። እሱም ቁልፉን አይቀንስም፤ ብረት መለያውን እስከ መጨረሻ ያጠብቀዋል። ያኔ ማሽኑ ጸጥ ይላል፣ ባለቤቱም ረካሁ ይላል። ብረት በበዛበት አፈር ውስጥ ያለች ትንሽ ፍሬ ወርቅ ብዙ ጊዜ ለማሽኑ ብረት ስለምትመስለው፣ ከሚስማር ጋር አብሮ እንደሚያልፋት አልነገሩትም። ሌላው ደግሞ አንድ ፈረንጅ በሌላ አህጉር መሬት ላይ የተጠቀመበትን ቁጥር ከስልኩ ላይ እየገለበጠ ይሞላል። ፈረንጁ ያንን ቁጥር ያገኘው እግሩ ሥር ያለውን አፈር አዳምጦ ነበር። የእኛው ሰው ማዳመጥን ሳይሆን ቁጥሩን ወሰደ።

አንድ የሒሳብ ነገር ደግሞ አለ፤ ቁልፉን የምናዞረው በጥልቀት ያለ ወርቅ ለማግኘት ነው ለሚሉኝ። ትንሽ ፍሬ ወርቅ ከኮይሉ በደንብ ከራቀች በኋላ፣ ርቀቷ በእጥፍ ሲጨምር ከእሷ የሚመለሰው ምልክት በግምት ወደ 64ኛ ክፍሉ ይወርዳል። ቁልፉ ይህን አይመልስም፤ ጣቢያው ሳይስተካከል ድምፁ ብቻ እንደተጨመረ ሬዲዮ፣ ንፋሱንም ከንግግሩ ጋር እኩል ያጎላዋል። ወርቋ የምትሰማው ጸጥታ ሲኖር፣ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ያለችው ቀጭን ድምፅ ትንሽ ስትነቃነቅ ነው። ቁልፉን ድምፁ እስኪረጋ ቀንሱ። ትንሽ ኮይል ግጠሙ፤ ትንሽ ኮይል የሚያየው አፈር ያንሳል። ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ከዚህ የሚከብድ ነገር የለውም፣ ያለው ስንፍና ነው።

የምስጋና ጽሑፍ እየጻፍኩ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ጉድጓዶቹ አይደፈኑም። ማሽኑ ጮኸ ተብሎ በቀን ብዙ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ምንም አይገኝም፣ ሰውየው ወደሚቀጥለው ጩኸት ይሄዳል፣ ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ክረምት ሲመጣ ውሃ ይሞላውና ሣር ይሸፍነዋል። ጥጃ ይገባበታል። ልጅ ይገባበታል። ይህን እንኳ በሽሙጥ መናገር አልቻልኩም።

የእህቴን ባል በቀደም ለመንኩት። ለእኔ ሲል ቁልፉን ወደ አምስት መለሰው፣ ኮይሉን ከፍ ዝቅ አድርጎ አፈሩን አስተካከለ። ማሽኑ ጸጥ አለ። የእህቴ ባል ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ፣ ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ አራገፈው፣ መልሶ አደረገው፣ ከዚያም እኔን በጥርጣሬ አየኝ። «ገደልከው» አለኝ። በነጋታው ከተማ ወርዶ ለኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ሰጠው። ጠጋኙ ከፈተው፣ እፍ አለበት፣ ዘጋው፣ ቁልፉን እስከ ጥግ አዙሮ አስጮኸለት። ሦስት መቶ ብር ተቀበለው፤ የእህቴ ባልም መርቆት ወጣ።