ጠጠር ያለ መልስ ለአቶ ለስላሳ

«ኮረኮንች ላይ ብስክሌት ለመንዳት ጣሊያን ድረስ? እኛ ሰፈር በነጻ አለ አይደል እንዴ!» አለ ወዳጄና ዙሪያውን ቃኘ። ሳቅ እየለመነ ነው። አደራ፣ እንዳትሰጡት! አንዴ ከሳቃችሁለት አያቆምም። አፉ ቁልቁለት ነው፤ ፍሬን አልተገጠመለትም።

ከዛሬ ጀምሮ ስሙ አቶ ለስላሳ ነው። አንደኛ፣ ለስላሳ መንገድ ይወዳል። ሁለተኛ፣ እንደ ለስላሳ ጠርሙስ ትንሽ ሲነቀነቅ ይገነፍላል። አንድ ኮረኮንች በቃው፦ ኮረኮረው፣ አረፋ ደፈቀ፣ ጋዙ አለቀ።

በል ስማ፣ አቶ ለስላሳ። ለአንተ ስል ከባሕር ጠለል ልጀምር። ዳገት ቀስ ብሎ ይመጣልሃል፤ ሊፍት ሲበላሽ ቀጠሮ የምትሰርዝ ሰው መሆንህን እናውቃለን።

ማሬማ ይባላል። በጣሊያኗ ቶስካና ደቡብ፣ በቲሬኒያን ባሕር ዳር የተዘረጋ ሜዳ ነው። «ሜዳ ምን አለው?» ልትል ነው። ወባ ነበረው! ድሮ ረግረግ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቶስካናው ታላቅ መስፍን ሊዮፖልድ 2ኛ ቦይ አስቆፍሮ ውሃውን ማድረቅ ተያያዘው፤ ሥራው ከእሱ በኋላም ብዙ ዘመን ፈጀ። ዛሬ በቦዩ ዳር ጠጠር መንገድ አለ፣ ስንዴ አለ፣ ወይራ አለ፣ ቀንዳቸው ክንድ የሚያህል ግራጫ ከብቶች አሉ። ከብቶቹ በጠጠር ላይ የሚያልፈውን ቀና ብለው ያዩታል። በአስፋልት የሚከንፈውን ግን ከብትም ዞሮ አያየው። ሜዳ ነው ብለህ ደግሞ አትናቀው። የባሕሩ ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣ ዳገት ማለት እሱ ነው፤ ያውም ጫፍ የሌለው ዳገት። ጫፍ ሳይኖረው የሚነፋ ከዚያ ነፋስ ሌላ የማውቀው አንተን ብቻ ነው።

እሺ፣ «በነጻ አለ» ወዳልካት እንምጣ። የሰፈርህ ኮረኮንች ተረስቶ የቀረ ነው። የቶስካናው ታስቦ የቀረ ነው። አልገባህም? ጢም ሳይላጩ ማደርና ጢም ማሳደግ አንድ ነው? ያንተ የመጀመሪያው ነው፣ መስታወት እይ። በኪያንቲ ኮረብቶች ያሉት መንገዶች ከኖራማ ጠጠራቸው የተነሣ «ነጫጭ መንገዶች» ይባላሉ። አስፋልት ሊውጣቸው ሲንደረደር በ1997 ጃንካርሎ ብሮቺ የሚባል ሰው ጋዮሌ ከተባለች ትንሽ ከተማ ሌሮይካ የተባለውን የብስክሌት ጉዞ አስጀመረ። ያን ቀን የመጣው 92 ሰው ነበር። ዛሬ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይመጣል። ያንተ ሰፈር ሰው አስፋልት ይምጣልን ብሎ ሲጮህ፣ እነዚያ እንዳይመጣብን ብለው ፔዳል መቱ!

«ታዲያ የሀብታም ቅብጠት ነዋ!» አልክ? አሁን ተያዝክ። ሌሮይካ ላይ የሚፈቀደው በዋናነት ከ1987 በፊት የተሠራ የሩጫ ብስክሌት ነው። እዚህ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ስምንት ዓመት ልሸውድ ብለህ ጣት አትቁጠር። ማረፊያው ላይ የሚቀርበውም የሀብታም ምግብ አይደለም፤ ሪቦሊታ ነው። የደረቀ ዳቦ፣ ቦሎቄና ጎመን ያለበት የገበሬ ሾርባ። ስሙ «ዳግም የፈላ» ማለት ነው። የትናንቱ ዛሬ ተሞቆ ይቀርባል፣ ልክ እንዳንተ ቀልድ። ልዩነቱ፣ ሪቦሊታ ሲሞቅ ይጣፍጣል።

«ጠጠር ለቀርፋፋ ነው» ብለህም ነበር። ሰምቻለሁ፤ ቀስ ብለህ ስላልካት በደንብ ሰማኋት። ከ2007 ጀምሮ የዓለም ፈጣን ብስክሌተኞች በእነዚሁ ነጫጭ መንገዶች ይወዳደራሉ፤ ውድድሩ ራሱ ስሙ ስትራዴ ቢያንኬ፣ ማለትም «ነጫጭ መንገዶች» ነው። ሌ ቶልፌ የምትባል ጠጠር ዳገት 18 በመቶ ትደርሳለች። መጨረሻው የሲዬና ከተማ ነው፤ በሳንታ ካተሪና መንገድ 16 በመቶ ወጥተህ ፒያሳ ዴል ካምፖ ትገባለህ። አንተ የምታውቀው ፒያሳ አይደለም፤ እዚያ ማኪያቶ የሚጠጣው ከዳገቱ በኋላ ነው።

በ2024 ብስክሌተኛው ታዴይ ፖጋቻር እዚያ 81 ኪሎ ሜትር ብቻውን ነድቶ አሸነፈ። አንተ ሱቅ ድረስ ብቻህን መሄድ ይደብርሃል። በ2025 ደግሞ ያው ሰው በፍጥነት እየወረደ ሳለ ወደቀ። ልብሱ ተቀደደ፣ ክርኑ ተላጠ። ተነሣ፣ አባረረ፣ ደረሰ፣ አሸነፈ። አሁን ጆሮህን አምጣ፤ ታዳሚዎችም ጠጋ በሉ። ያ ሰው የወደቀው የት ላይ ይመስላችኋል? አስፋልት ላይ! በል እንግዲህ ለስላሳህን ይዘህ ሂድና አስታምመው።

«ጎማውስ? በጠጠር ጎማ ይተርፋል?» እውነተኛ ጥያቄ በመጠየቅህ እንኳን ደስ አለህ። ያንተ ጎማ ጣት አያህልም፤ ነፍተህ ነፍተህ ድንጋይ አድርገኸዋል፣ ከዚያ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ዘለለ ብለህ ታማርራለህ። የጠጠሩ ጎማ ብዙውን ጊዜ 40 ሚሊ ሜትር እና ከዚያ በላይ ይሰፋል፤ የሚነፋውም ቀነስ ተደርጎ ነው። ጠጠሩን ሲያገኘው አይጣላውም፤ ጎበጥ ብሎ ያስተናግደውና ያልፋል። ጠጠርን የሚያሸንፈው ጠጣር አይደለም፤ ለስላሳ ነው! አየህ? ስምህ አንድ ቀን ጠቀመህ። አትኩራ፤ ጎማውን ነው ያልኩት።

አሁን ከፍ እንበል። በጣሊያንና በፈረንሳይ ድንበር የጨው መንገድ የሚሉት አለ፤ ከሊጉሪያ ባሕር ጨው ወደ ፒዬሞንቴ ይሻገርባቸው ከነበሩ መስመሮች አንዱ ነው። ከሊሞኔ እስከ ሞኔዚ 39 ኪሎ ሜትር ያህል ጠጠር፣ ብዙው ከ1800 እስከ 2100 ሜትር ከፍታ ላይ። ዛሬ ጨው የሚጭን የለም፤ ስለዚህ ጨዋታህን ይዘህ ውጣ፣ ምናልባት ጨው ብጤ ትለቅምላት ይሆናል። ግን ተጠንቀቅ፤ አልፕስ የተራራ ሰንሰለት ነው፣ የብስክሌትህም ሰንሰለት ካቴና ነው። ሌላ ቦታ ካቴናው የተበጠሰለት ያመልጣል። እዚያ ግን ካቴናው የተበጠሰበት ነው የሚታሰረው።

ደግሞ ከፍ እንበል፤ ትንፋሽ አለህ? ኮሌ ዴሌ ፊኔስትሬ። 2178 ሜትር። የመጨረሻው 8 ኪሎ ሜትር ያህል ጠጠር ነው። በ2018 ብስክሌተኛው ሳይመን የትስ በጣሊያን ዙር ውድድር በጂሮ ዲታሊያ የመሪነቱን ሮዝ ማሊያ ለብሶ ወደዚህ ዳገት መጣ። ቀኑ ሲያልቅ ማሊያው የለም፤ ከ38 ደቂቃ በላይ ተቀድሟል። ክሪስ ፍሩም በዚያው ጠጠር ላይ ተነጥሎ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻውን በርሮበታል። ሰው በዚህ ያብዳል ወይ ብስክሌቱን ይሸጣል። የትስ ግን በ2025 ተመለሰ። እዚያው ዳገት፣ እዚያው ጠጠር ላይ ሮዙን ማሊያ ነጠቀ፤ በማግስቱ ሮም ላይ ጂሮውን አሸንፎ ተሸለመ። ሰባት ዓመት ቆይቶ ጠጠር ብድሩን መለሰ! አንተ ከእኔ የወሰድካትን 200 ብር ግን በየትኛው ዳገት ላይ ልጠብቃት?

«እኔን ከጣሊያን ጋር ምን አገናኘኝ?» አልክ። ይቺ ናት ያሳቀችኝ። ጎማ ስትል በጣሊያን አፍ ነው። ፍሬን፣ ካቴና፣ ጎሚስታ፤ ሁሉም ከዚያ የመጡ ናቸው። ይኸው የምትንቀው ኮረኮንች እንኳ «ፒስታ» ሲባል የጣሊያን ቃል ነው። እግርህ ከሶፋ አልወረደም እንጂ አፍህ ጣሊያን ገብቶ ከከረመ ቆይቷል። ቪዛም አልጠየቁት!

የመጨረሻዋን ደግሞ ቁጭ ብለህ ስማ፤ መቆም እንደሚከብድህ አውቃለሁ። «ሰፈራችን በነጻ አለ» አልክ። ልክ ነህ፣ አለ። ነጻ ነው፣ ቅርብ ነው፣ ቪዛ የለው፣ ትኬት የለው። ታዲያ ስንቴ ነዳህበት? ብስክሌትህ በዕድሜው ረጅሙን ጉዞ ያደረገው ከሱቅ እስከ በረንዳህ ነው። ነገ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ አስፋልቱ የሚያልቅበት ጋ እጠብቅሃለሁ። ታዳሚዎችም አብረውኝ ናቸው። ብቻ ስትመጣ ከመሪው ላይ ያሰጣሃቸውን ካልሲዎች አውርድ።