መነኩሲቷና ዕድራችን

ስልኬ ውስጥ ከታጨቁት የቴሌግራም ግሩፖች ሁሉ ከልቤ የምወደው አንዱን ነው። የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛሞች ነን፤ ከፊሉ አዲስ አበባ፣ ከፊሉ ዋሽንግተን፣ አንዱ ዱባይ። ፖለቲካ አይወራበትም። ያገኙትን ጉድ ማምጣት ብቻ ነው።

አንዱ ለምሳሌ ሳሙኤል ጆንሰን የሚባል እንግሊዛዊ አገራችንን በዓይኑ ሳያይ በ1759 እ.ኤ.አ. ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል «ራስላስ» የተባለ ልብ ወለድ መጻፉን ይዞ ብቅ ይላል። «እኛስ ለንደንን ሳናይ ስንቱን እናወራ የለ?» ይለዋል ሌላው። የፑሽኪን ነገር ግን ሊያቧቅሰን ነበር። ቅድመ አያቱ አብርሃም ሃኒባል የኛ ሰው ነው ሲባል ሰምተን ያደግን፣ አደባባይ የሰየምንለት ሰዎች ነን። ታዲያ አንዱ ተነሥቶ፣ ሃኒባል የተወለደው በዛሬዋ ካሜሩን፣ ሎጎን ውስጥ ነው የሚለውን የቤኒናዊውን የዲዮዶኔ ኛማንኩን ጥናት ለጠፈ። የዱባዩ ልጅ ግሩፑን ጥሎ ወጣ። በሽማግሌ ነው የተመለሰው።

እኔ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ለጠፍሁ። የከንቲባ ገብሩ ልጅ፤ በስድስት ዓመታቸው ለትምህርት ስዊዘርላንድ የተላኩ፣ በወረራው ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ጣሊያን የተጋዙ፣ በኋላም ግሸን ማርያም ገብተው የመነኮሱ ፒያኖ ደርዳሪ። የመጀመሪያ ሸክላቸው የታተመው ጀርመን አገር በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። ፎቷቸውን፣ አንድ ሙዚቃቸውንና «ከ1916 እስከ 2015 ዓ.ም.» የሚል ጽሑፍ አያይዤ ላክሁ። ሙዚቃው ሰባት ደቂቃ ይፈጃል፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አውራ ጣት በአውራ ጣት ሆነ። ጓደኞቼ እንዲህ ናቸው፤ ጉድ መላክ እንጂ ጉድ መስማት አይወዱም።

ከመካከላችን አንዱ የሰፈሬ ልጅ ነው፤ ዕድራችንም አንድ። እሱ ምን እንደታየው እንጃ፣ ወደ ዕድሩ ግሩፕ አሻገረው። ድሮ ጡሩምባ ነፊው በንጋት እየዞረ ይለፍፍ ነበር፤ አሁን ሞት የሚነገረው እዚያ ግሩፕ ላይ ነው። የመነኩሲት ፎቶ፣ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ከላይ የኔ ስም። 2015 የምትለዋን ያስተዋለ የለም።

«ነፍስ ይማር» ጎረፈ። ገንዘብ ያዡ ድንኳኑ ታጥቦ ገና እንዳልደረቀ አሳወቁ። ጸሐፊው ደወሉልኝ።

«በሐዘን ሰዓት መጠየቁ ከብዶኝ ነው። እማሆይ ምንህ ናቸው? መዝገብ ላይ አጣኋቸው።»

«ምኔም አይደሉ ጋሼ። ፒያኖ ተጫዋች ናቸው። ያረፉት ኢየሩሳሌም ነው፤ ቆይቷል።»

ትንሽ አሰቡ። «ውጭ አገር ለሞተ እኮ፣ እናትና አባት ካልሆነ ደንባችን አይከፍልም።»

ስልኩን ሳልዘጋ በር ተንኳኳ። እትዬ ናቸው፣ ጎረቤታችን፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ነገሩን ባስረዳቸው አልሄድ አሉ። «መጥቻለሁና አሰማኝ» አሉና ተቀመጡ። ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ሰባቱንም ደቂቃ ሰሙ፤ መሐል ላይ ስልኬ ሲጮህ ተቆጡኝ።

«እኚህ እናት በገና ነው የሚደረድሩት» አሉ።

«ፒያኖ ነው እትዬ።»

«ይሁን። እጃቸው የበገና ነው።»

እማሆይ ጎንደር ሳሉ የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጥንተዋል። ይህን ለእትዬ የነገራቸው የለም። ጓደኞቼ ከነኢንተርኔታቸው ያላሉትን እትዬ ባሏት ቃል ቅናት ቢጤ ተሰማኝ፤ ወዲያው ጽፌ ላክሁላቸው። አውራ ጣት። የዱባዩ ልጅ ብቻ «ሴትዮዋን ግሩፑ ውስጥ አስገባቸው» አለ። የእትዬ ስልክ ባለቁልፍ ነው።

ማምሻውን ከዕድሩ ማስታወቂያ ወጣ፦ መዝገብ ላይ የሌለ ሟች የለጠፈ ይቀጣል። የሚቀጣው መጀመሪያ የለጠፈው ነው ወይስ ያሻገረው የሚለው ግን አከራክሮ፣ ለጠቅላላ ጉባኤ ተመርቷል።