የቢጫዋ ጀሪካን ሕጋዊ ሰውነት፤ በዘነበወርቅ ቦኖ የተካሄደ ጥናት

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ገና በመጀመሪያው አንቀጽ ሰው ከተወለደ ጀምሮ እስኪሞት ድረስ የመብት ባለቤት መሆኑን ይደነግጋል። ስለ ጀሪካን ግን የሚለው የለም። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ስመ ጥር የሕግ ሊቅ ነበሩ፤ ዘነበወርቅ ቦኖ ላይ ወረፋ ይዘው ስለማያውቁ አይፈረድባቸውም። የሚፈረደው ከዚያ ወዲህ በመጣነው ላይ ነው። ስለ አክሲዮን ማኅበር ሕጋዊ ሰውነት ስንከራከር ኖረን፣ ዓይናችን ሥር ተሰልፋ ስለምትውለው ስለ እሷ አንድ ገጽ አልጻፍንም።

የጥናቱ መነሻ ሐሳብ አጭር ነው፦ በዘነበወርቅ የውሃ መብት ባለቤት ጀሪካኗ ናት። ሰው ተሸካሚዋ ነው።

በቅድሚያ ስለ ቦታው። ዘነበወርቅ ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ ያለ፣ ስሙን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል የወረሰ ሰፈር ነው። በ1958 ዓ.ም. አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ማእከል በዚያው ተመሠረተ። ለሕክምና ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ብዙዎች ከዳኑም በኋላ የሚቀበላቸው ሲያጡ እዚያው ጎጆ ቀለሱ፤ ልጅ ወለዱ፤ ሰፈር ሆነ። ወረፋን ከሐኪም በር ተምሮ ወደ ቦኖ ያወረደ ሰፈር ነው ቢባል ማስረጃ ባይገኝለትም ለጥናቱ ያምርለታል።

ወደዚህ ሰፈር የሚደርሰው ውሃ ረጅም የዘር ሐረግ አለው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ በስዊሱ መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ ብልሃት ከእንጦጦ ወደ ቤተ መንግሥታቸው በቧንቧ ውሃ አስገቡ። እንግዲህ በአዲስ አበባ የቤት ውስጥ መስመር መጀመሪያ የገባለት አንድ ቤት ነው፤ እሱም የንጉሡ። ከዚያ ወዲህ ያለው የከተማዋ የውሃ ታሪክ የቀሩትን ቤቶች የማዳረስ ሥራ ነው፤ ሥራው ቀጥሏል። በ1930ዎቹ ገፈርሳ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለገዳዲ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ድሬ ተገደቡ፤ ከዚያም የአቃቂ ጉድጓዶች ተጨመሩ። አቃቂ ከከተማው ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ውሃው ሽቅብ በፓምፕ ይገፋል፤ ፓምፑ የሚሠራው በመብራት ነው፤ መብራቱ ደግሞ የራሱ ፈረቃ አለው። ከሚመረተው ውሃ ሲሶ ያህሉ በየመንገዱ ሰርጎና ባክኖ እንደሚቀር ለዓመታት ሲነገር ኖሯል። ድሮ ሲሶ የሚበላው ባለ መሬቱ ነበር፤ አሁን መሬቱ ራሱ ይበላል።

አሁን ወደ ባለ ጉዳይዋ። ጀሪካን በትውልዷ ኢትዮጵያዊት አይደለችም። የጀርመን ጦር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ለነዳጅ መያዣ በብረት ሠራት፤ እንግሊዞች ማርከው አመሳሰሏት፤ 20 ሊትር መያዟን ግን ማንም አልለወጠባትም። ቢጫዋና ላስቲኳ ወደ እኛ የገባችው የፓልም ዘይት ተሸክማ ነው። ዘይቱ አለቀ፤ እሷ ቀረች። የመኖሪያ ፈቃድ የጠየቃት የለም። እንስራን ከእናቶች ጀርባ ያወረደችው እሷ ናት። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፤ እንስራ በዚያ ላይ የገዛ ራሱን ጭቃ ያሸክም ነበር። ለዚህ ውለታዋ ብቻ እንኳ ዜግነት ይገባታል።

የሕጋዊ ሰውነቷ ዋና ማስረጃ ወረፋው ነው። ጎህ ሲቀድ ቦኖው ዙሪያ የሚታየው የሰው ሰልፍ አይደለም፤ የጀሪካን ሰልፍ ነው። ባለቤቲቱ ቤቷ ሽሮ ታማስላለች፣ ልጅ ታጥባለች፣ ወይም ጉልት ተቀምጣ ሽንኩርት ትሸጣለች። ጀሪካኗ ግን በስሟ ቆማለች። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ውክልናን በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረግ ውል አድርጎ ያየዋል። እዚህ ውል የለም፣ ምስክር የለም፣ ማኅተም የለም፤ ሆኖም ውክልናውን የሚጠራጠር አልተገኘም። እንዲያውም የሰፈሩ አነጋገር ከውክልናም ያልፋል። አንዷ በእግሯ ጫፍ እየነካች «ይቺ ማን ናት?» ብላ ስትጠይቅ «የማሙሽ እናት ናት» የሚል መልስ ታገኛለች። የማሙሽ እናት በዚያ ሰዓት ታክሲ ውስጥ ናት። የቦኖው ሕግ ግን እዚህ ናት ብሏል፤ እዚህ ናት።

ማንነት የሚረጋገጠው በመታወቂያ ሳይሆን በምልክት ነው። እጀታዋ ላይ ቀይ ክር የታሰረባት አለች፤ በጋለ ምስማር ፊደል የተጻፈባት አለች፤ ክዳኗ ጠፍቶ በፌስታል የተወተፈችም አለች፤ የፌስታሉ ቀለም ራሱ መታወቂያ ነው። የአምስት ሊትር የዘይት እቃዎች አካለ መጠን እንዳልደረሱ ይቆጠራሉ፤ ከአሳዳጊያቸው ጋር ካልሆነ ብቻቸውን ወረፋ መያዝ አይችሉም። ጀሪካን የሌለው ደግሞ ድንጋይ ያስቀምጣል። ድንጋይ የተወካይ ተወካይ ስለሆነ ሥልጣኑ ጠባብ ነው፦ ቦታ ይይዛል፣ አይቀዳም፤ ውሃው ሲፈስ ጀሪካኗ መጥታ ካልተካችው መብቱ ወዲያው ይቋረጣል። ሁለት ሰው በአንድ ድንጋይ ሲከራከር ቃሉን የምትሰማው ቦኖ የምታስቀዳው ሴትዮ ናት። ፍርዷ ይግባኝ የለውም፤ ቁልፉ እሷ ጋ ነው።

ወንዶች ቦኖው አጠገብ የሚታዩት በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ ጋሪ ይገፋሉ፣ ወይ ያስታርቃሉ። የማስታረቁ ሥራ ብዙ ሰው አለው።

ከሁሉ የሚደንቀው ልዩ ሁኔታ ላይ የሚሠራው ደንብ ነው። አራስ ቤት ከሆነ ቅድሚያ ይሰጣል። ለቅሶ ቤት ከሆነ ግን ክርክር የለም፤ የእድሩ በርሜል እስኪሞላ የሁሉም ጀሪካን ዝም ብላ ትጠብቃለች። እዚህ ላይ የጽሑፉ ሕግና የቦኖው ሕግ በግልጽ ይጋጫሉ። በፍትሐ ብሔሩ የሰው መብት በሞቱ ያበቃል፤ በዘነበወርቅ ግን አንድ ሰው ከወረፋው ሁሉ ቀድሞ ውሃ የማግኘት ሙሉ መብት የሚጎናጸፈው በሞተ ማግስት ነው። ሁለቱን ድንጋጌዎች ለማስታረቅ የተደረገው ጥረት አልተሳካም።

የቤት ቧንቧ ያላቸው ከዚህ ሥርዓት ውጪ ናቸው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው በምርመራ አይጸናም። ቧንቧው ግቢ ገብቷል፤ ቆጣሪው ተተክሏል፤ ውሃው ግን በፈረቃ ነው። የፈረቃው ቀን ይታወቃል፤ ሰዓቱን ግን ማንም አያውቅም። ባብዛኛው የሚደርሰው ሌሊት ነው፤ የተቀረው ከተማ ተኝቶ መቅዳቱን ሲተው ግፊቱ ዳር ድረስ ይዘልቃልና። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መጀመሪያ የሚመጣው አየር ነው፤ ቧንቧው ያፏጫል፣ ያስላል። ቆጣሪው አየርና ውሃ አይለይም፤ ለሁለቱም እኩል ይሽከረከራል። ከዚያ «መጣች!» የሚል ጩኸት ይሰማል፤ ግቢው በነጠላና በፒጃማ ይወጣል፤ ጀሪካኖቹም ይሰለፋሉ። ቦኖ የሚቀዳ ቤት ለዛሬና ለነገ የሚበቃ ይይዛል፤ ቧንቧ ያለው ቤት ግን ለመጪው ፈረቃ ማጠራቀም አለበት። ስለዚህ በአልጋ ሥር፣ ከሶፋ ጀርባ፣ ሽንት ቤት በር ላይ ሲቆጠር ቧንቧ ያለው ቤት ከሌለው ቤት ይበልጥ ብዙ ጀሪካን ያስተዳድራል። አቅም ያለው ሮቶ ይሰቅላል፤ ሮቶ በሕግ ፊት ሥጋ የለበሰች ጀሪካን ናት። ከዚያም በላይ አቅም ያለው ዲናሞ ይገጥምና ከመስመሩ ይመጥጣል፤ ያን ሌሊት የጎረቤቱ ቧንቧ ማፏጨቱን እንኳ ይተዋል። የዲናሞ ጉዳይ የወንጀል ሕግ ስለሆነ ከዚህ ጥናት ወሰን ውጪ ነው።

ስለ ሂሳቡ ግን መናገር ይገባል። የውሃ ታሪፉ በእርከን ነው፤ ብዙ የሚጠቀም በሜትር ኩብ ብዙ ይከፍላል። ዓላማው ያማረ ነው፦ መኪናውን የሚያጥብ ባለጸጋ ደሃውን ይደጉም። ዘነበወርቅ ላይ ግን አንድ ቆጣሪ ከአከራዩ በተጨማሪ በየሰርቪሱ ያሉትን ተከራዮች ሁሉ ያጠጣል። ቆጣሪው የሰው ብዛት አያይም፤ የሚያየው ውሃ ብቻ ነውና ግቢውን ባለጸጋ ብሎ ከፍ ወዳለው እርከን ያወጣዋል። አከራዩም ቢሉን ይዞ ይመጣና ለጀሪካን ያካፍላል። በዚህ ስሌት አንድ ክፍል የተከራየች እንጀራ ጋጋሪ ቪላ ውስጥ ብቻውን ከሚኖር ሰው ይልቅ ለአንድ ሊትር አብልጣ ትከፍላለች። ድጎማው አለ፤ አቅጣጫው ነው የዞረው።

ዓለም አቀፉን መስፈርት ሳናነሣ ብናልፍ ጥናቱ ይጎድላል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2010 እ.ኤ.አ. ውሃ ሰብዓዊ መብት መሆኑን ዐወቀ። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ንጹሕ ውሃን ያነሣል፤ የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን የሚል ማሰሪያ ጨምሮበት። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ደግሞ በጋራ መለኪያቸው አንድ ቤት «መሠረታዊ» አገልግሎት አለው የሚባለው ሄዶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ቀድቶ ለመመለስ ከ30 ደቂቃ ካልበለጠበት ነው ይላሉ። መለኪያው ጥሩ ነው፤ የተዘነጋ ነገር ግን አለ። የማን 30 ደቂቃ? የማሙሽ እናት ቦኖው ላይ የቆየችው ጀሪካኗን ስታስቀምጥና ስታነሣ ብቻ ነው፤ ተጠያቂዋ እሷ ከሆነች ቤቱ መስፈርቱን በሚገባ ያሟላል። ጀሪካኗ ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምራ ቆማለች፤ ጠያቂ መጥቶ መጠይቅ አልሞላላትም። እንደዚሁ «መስመር የገባለት» ተብሎ በሰንጠረዥ የተመዘገበው ጎረቤት ቧንቧውን ከፍቶ ሲያፏጭበት ውሏል። ውሃው በሚፈለግ ጊዜ መገኘት አለበት የሚለው መስፈርት ቢተረጎም ደግሞ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ውሃ የሚፈለግበት ጊዜ ስለመሆኑ የሰፈሩ ሰው ራሱ እንዲመሰክር መጠራት ይኖርበታል።

ያልተቋጨ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ቦኖው ሳይከፈት ውሎ ካደረ የማግስቱ ወረፋ ከትናንቱ ይቀጥላል ወይስ እንደ አዲስ ይጀመራል? በዚህ ላይ ሁለት ወገን አለ። አንደኛው ወገን ጀሪካን ካደረች መብቷም አድሯል ይላል፤ ይህ በአብዛኛው ከፊት የነበሩት አቋም ነው። ሁለተኛው ወገን አዲስ ቀን አዲስ ወረፋ ይላል፤ ይህ ደግሞ በማለዳ የደረሱት አቋም ነው። አጥኚው ቢያንስ የጥናቱን መነሻ ሐሳብ ለመፈተን ባለቤት የሌላት አንዲት ባዶ ጀሪካን ከሰልፉ መካከል ትቶ ዞር አለ። ሲመለስ በቦታዋ የለችም። ሰልፉ ወደፊት በተራመደ ቁጥር ከኋላዋ ያሉት ሴቶች በእግራቸው እየገፉ ወደፊት አስኬደዋታል፤ ተራዋ ሲደርስ ተሞልታለች፤ ጥላ ሥርም ተቀምጣለች። የምታስቀዳው ሴትዮ ጥያቄውን ገና ሳይጨርስላት እጇን ዘረጋች፦ «ጋሼ፣ ያንተ ናት? ሂሳብ!»